ትርጉም ላመጣ አንድ ሻይ

መምህር ማንያህልሻል በዚህ ዓለም የማይጠራጠሩባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የእግዚአብሔር መኖር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ሳሉ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው፣ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ትርጉሙን፣ በመሀል የእኩል ምልክት እየጻፉ ኖረዋል። ከዚያ አልፎ የጠየቀ ተማሪ «አትፈላሰፍ!» ተብሎ ይቀመጣል። መጥፎ መምህር ነበሩ ማለት አይደለም፤ ካስተማሯቸው ልጆች ሐኪምም ዳኛም ወጥቷል። ብቻ ቃልና ትርጉም እንደ ባልና ሚስት አንድ ለአንድ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር።

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከገቡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ታናሽ ወንድማቸውን ተከትለው መጡ፤ ወንድምየው ወደ ካምፓላ ሲሻገር እሳቸው ቀሩ። ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ለነጋዴው ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ውል ይተረጉማሉ። ጡብ የሚያህለው መዝገበ ቃላታቸው ከጎናቸው አይለይም። የሚጠይቃቸው ሰው በጣም ትንሽ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም ስልኩን ስለሚጠይቅ የባሰ ቀንሷል። ይህ ነገር ሆዳቸውን ይበላቸው ነበር፤ ለማንም ግን አይናገሩትም።

አንድ ሐሙስ አማራት ሰፈር ሆቴል ያላት ወይዘሮ ሳሌም አስጠራቻቸው።

«መምህር፣ አንድ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ ሠራተኞቹን እኔ ጋ ሊያሳርፍ ነው» አለቻቸው። «ሪሴፕሽን ላይ እንግሊዝኛ የሚናገርም የሚጽፍም ሰው ይኑር ብለዋል። ወንበሩ አንድ፣ ፈላጊው አራት። እኔ ብመርጥ አዳላች እባላለሁ። እርስዎ ይፈትኑልኝ።»

«እነማን ናቸው?»

«ሦስቱ ዲፕሎማ ያላቸው ወጣቶች ናቸው፤ ከነሱም ኢዛና ይበልጣል። አራተኛዋ አመለወርቅ ናት፣ አዳራሽ ምግብ የምታቀርበው።» ሳሌም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእግሯ ደም ሥር አብጦ ሐኪም መቆም ከልክሏታል። ይሄን ወንበር ካላገኘች ወደ አገሯ መመለሷ ነው፤ ምግብ ቁጭ ተብሎ አይቀርብም። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ ታሳዝነኛለች። ግን እንዳያዳሉ!»

«እኔ አዳልቼ አላውቅም» አሉ መምህር ደረታቸውን ነፍተው። እውነታቸውን ነው፤ የገዛ እህታቸውን ልጅ በአንድ ነጥብ ጥለዋል።

ሲወጡ በሩ ላይ ቦዳቦዳውን፣ ሰው የሚያመላልስበትን ሞተር፣ ያቆመ ሹፌር በብርጭቆ ሻይ እየጠጣ አገኙ። ጋምቤላ ያደገ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እዚያ የወጣለትን ማሙሽ የሚለውን ስም ይዞ ነው የተመለሰው።

«ያ ኡስታዝ» አላቸው፤ በጁባ አረብኛ መምህር ሆይ ማለቱ ነው። «ለአመለወርቅ ትርጉም ይዘው መጡ?»

«የምን ትርጉም?»

ማሙሽ አስረዳቸው። አመለወርቅ አንድ ደብተር አላት። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ገጽ ትሰጣለች። ቃሉን ከዚህ በፊት በማታውቀው አገባብ ሲነገር የሰማ ሰው መጥቶ ከነገራት ትጽፈዋለች፤ ከጎኑም የሰጪውን ስም ታሰፍራለች፤ ለሰጪው አንድ ሻይ ትጋብዛለች። እንግዳውም ዘበኛውም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ደብተሩን ግን ማንም አይነካም።

«እኔ ብቻዬን አሥራ አራት ሻይ ጠጥቻለሁ» አለ ማሙሽ እየኮራ።

«ትርጉም በሻይ አይገዛም» አሉ መምህር። «መዝገበ ቃላት አለ።»

«መዝገበ ቃላቱ ሻይ ይጋብዛል?»

መምህር ማንያህልሻል መዝገበ ቃላታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ። ከባለሞተር ጋር አፍ አይካፈቱም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ፈተናው ተጀመረ። ቃላቱ ሃያ ናቸው፤ ተፈታኙ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሠርቶ ትርጉሙን ይጽፋል። ሦስቱ ወጣቶች ወዲያው አቀረቀሩ። አመለወርቅ እጇን አወጣች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሙሉ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ቀኝ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላለች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁጥር አንድ፣ ‹ኦፍ›፤ የትኛው ነው?»

«ምን የትኛው አለው? ኦፍ ኦፍ ነው።»

«የጄኔሬተሩ ነው የወተቱ?»

ኢዛና ሳቁን አፈነ። መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ወተት?»

«ጄኔሬተር ኦፍ ሆነ ሲሉ ጠፋ ነው። ወተት ኦፍ ሆነ ሲሉ ተበላሸ ነው። ሰው ዛሬ ኦፍ ነው ሲሉ ዕረፍት ወጥቷል ማለት ነው። አላርም ‹ዌንት ኦፍ› ሲሉ ግን ጮኸ ነው፤ እሱ እንደ ሌሎቹ አይጠፋም፣ ጭራሽ ሰው ይቀሰቅሳል። የቱን ልጻፍልዎት?»

«የምታውቂውን ሁሉ ጻፊ!» አሉ መምህር ተቆጥተው። ተናግረው ሳይጨርሱ ተጸጸቱ፣ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም። ወጣቶቹ በግማሽ ሰዓት ጨርሰው ወጡ። አመለወርቅ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀች። በመጨረሻ እየደገፏት ተነስታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አንድ ክምር ወረቀት አስረከበቻቸው።

መምህር ማንያህልሻል ሙኑኪ ሰፈር የተከራዩት ግቢ ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር ተቀምጠው ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ኢዛና ከሃያው አሥራ ስምንት አገኘ፤ ጽሑፉ እንደ ታተመ ያምራል። ከዚያ የአመለወርቅን ወረቀት ገለጡና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የጻፈችው ሁሉ በአማርኛ ፊደል ነው። እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሳይቀር ከሀ እስከ ፐ ባሉት በእኛው ፊደላት ተሰድሯል።

ዜሮ ሊሰጧት እጃቸው ተነሳ። ግን ሃያ ሰባት ዓመት መምህር የሆነ ሰው ወረቀት ሳያነብ ማለፍ አይሆንለትም።

«ክሊር» ይላል ቁጥር አራት። ሰማይ ሲጠራ ክሊር ነው። ገበታ ሲነሳም ክሊር ነው። ዕቃ ከጉምሩክ ሲለቀቅ ክሊር ሆነ ይባላል፤ ሰጪ፦ ሱሩር፣ ባለ ሱቁ። ስልጠና የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ «ኢዝ ዛት ክሊር?» ሲሉ ገባችሁ ወይ ማለታቸው ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ የገባው ግን የለም። «ቻርጅ» ላይ ስልክ መሙላት አለ፣ ዋጋ ማስከፈል አለ፣ ኃላፊ መሆን አለ፣ በወንጀል መከሰስ አለ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አንድ አስተያየት ጨምራለች፦ «አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ኢን ቻርጅ ይሆንና ቀጥሎ ቻርጅ ይደረጋል።»

መምህር ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መዝገበ ቃላቱን ከፈቱ። ስህተት ፍለጋ ነው። አንድ በአንድ አመሳከሩ፤ አንድ በአንድ እዚያው ተገኘ። «ብሬክ» ላይ «ያዝኳት!» አሉ፤ የመኪናውን ፍሬንና የሻይ ዕረፍቱን አንድ ገጽ አስገብታቸዋለች፣ ሁለቱ ግን አጻጻፋቸው የተለያየ ሁለት ቃላት ናቸው። ቀይ አደረጉባትና ትንሽ ቆይተው በጆሮዋ ለተማረች ሰው ይህ ስህተት አይደለም ብለው ቀዩን ሰረዙት።

«ኤክስቴንድ» ላይ ግን የምር ያዟት። ቪዛ ማራዘም ብላለች፣ ልክ ነው። ቀጥላ ግን፦ «ሚኒባስ ውስጥ፣ ጠጋ በል። ሰጪ፦ ሱሩር።» መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም። ሦስቴ ፈለጉ፣ የለም። «ሶሪ» ላይም ይቅርታ ካለች በኋላ «ሰው ሲደናቀፍ፣ እኔን!» ብላለች። ይሄም የለም። ሁለቱንም በቀይ አከበቡ፤ ደስ አላቸው ማለት ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ለሳሌም ሊያደርሱ ከሙኑኪ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሳፋዋን አቅፋ ገባችና በላያቸው ቆመች።

«ኡስታዝ፣ ፕሊስ ኤክስቴንድ» አለቻቸው።

መምህር ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉላት። ከተጠጉ በኋላ ነው ምን እንደሰሙ የገባቸው። መዝገበ ቃላቱ ያላወቀውን መቀመጫቸው አውቆታል! አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ ቃል ሲጠጉ፣ ሲጠጉ ኖረዋል፤ አንድ ቀን ግን አልሰሙትም። ይህን እያሰቡ ሳለ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገባና ጭንቅላታቸው ከመስኮቱ ጋር ተላተመ። ከኋላ ከፊት፣ ምንም ያላጠፋ ተሳፋሪ ሁሉ «ሶሪ! ሶሪ፣ ኡስታዝ!» አለ። እኔን ማለታቸው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ቢሆን ኖሮ ልክ በዚሁ ቅጽበት፣ በዚሁ ድምፅ፣ እኔን ይባሉ ነበር።

መምህር ማንያህልሻል ግንባራቸውን እያሹ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሕመሙ አልነበረም። አንዲት ምግብ አቅራቢ ሴት ትሪ ተሸክማ ስትመላለስ የሰበሰበችውን፣ እሳቸው ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ተሸክመው አልፈውታል። አፈሩ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑባት። ከሁለቱም በላይ ግን ደነቀቻቸው።

«ኢዛና አሥራ ስምንት አግኝቷል» አሏት ሳሌምን። «ለአመለወርቅ ግን ዜሮም መቶም መስጠት አልችልም።» ወረቀቱን ዘረጉላት። ሳሌም ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«በአማርኛ ፊደል? መምህር፣ የእንግዳ መዝገብ በእነሱ ፊደል ነው የሚሞላው! ፓስፖርት አይታ ስም መገልበጥ አለባት።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ አሳልፊያት አላልኩሽም። ግን ስሚኝ፣ ፊደሉ የአሥር ቀን ሥራ ነው። ይሄኛው ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፤ ይህን ለኢዛና በአሥር ቀን ላስተምር ብል አልችልም። ለሌላ ለማንም አልችልም።»

ሳሌም ጣቷን እያፍተለተለች አሰበች። «ድርጅቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይገባል። አሥር ቀን እሰጥዎታለሁ። በአሥራ አንደኛው እኔው ራሴ እፈትናታለሁ፤ ሙሉ እንግዳ ትመዘግባለች። ካልቻለች ወንበሩ የኢዛና ነው፣ ለእሷም የመሄጃ ትኬቷን እቆርጣለሁ። ከላስ፣ አለቀ።»

«ከላስ» አሉ መምህር። በአረብኛ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

በየቀኑ ምሳ ካለፈ በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። እሷ እግሯን ትሰቅላለች፤ እሳቸው እንደ ድሮው ቆፍጠን ብለው እስክሪብቷቸውን ይከፍታሉ። አመለወርቅ የእንግሊዝኛ ሆሄያትን በመልካቸው ታውቃቸዋለች፣ ምልክትና ማስታወቂያ ታነባለች፤ ገጣጥማ መጻፍ ነው የሚያቅታት።

«ከደብተሬ ቃል ቃል እየወሰድን ቢያስጽፉኝስ?» አለች በመጀመሪያው ቀን። «ብቻ ከመጨረሻው ገጽ ወደፊት እንምጣ።»

«ለምን ከመጨረሻ?»

«እንዲያው ነው፤ አዲሶቹ ይቀሉኛል።»

ደብተሩንም እሷው ይዛ እያነበበች እንጂ ለእሳቸው አልሰጠችም። ወደኋላ ሄዱ። መምህር ያስጽፋሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ይቆጣሉ፤ እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ከሰጪው ጋር ትተርክላቸዋለች። «ሎስት» የማሙሽ ነው፤ የጁባ ሰው «ዩ አር ሎስት» ሲልህ መንገድ ጠፍቶብሃል አይደለም፣ ምነው ጠፋህ ማለቱ ነው። «ልክ እንደ እኛ!» አሉ መምህር ተገርመው። «ልክ እንደ እኛ» አለች። በአምስተኛው ቀን መምህር ራሳቸው እየቸኮሉ መምጣት ጀመሩ፤ ከሀይ ጀላባ ጠረጴዛቸውን ቀድመው ያጥፋሉ።

በሰባተኛው ቀን አመለወርቅ እስክሪብቶዋን ወርውራ አለቀሰች። «የማይነበበውን ፊደል ለምንድን ነው የሚጽፉት? እኔ አልችልም፤ ልቤ ፈረሰ። ትኬቱን ትቁረጥልኝ።»

መምህር ድሮ ቢሆን «አትፈላሰፊ!» ይሏት ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለው ጻፉላት። «አንብቢልኝ።»

«ሀ፣ ሀ፣ ሀ» አለች እያነባች። የራሷን ድምፅ ሰምታ ሳቋ መጣ።

«እኛ ሦስቱን ተሸክመን ምን አልን? አንሺ፣ እስክሪብቶሽን አንሺ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

በአሥረኛው ቀን አንድ ገጽ ሲቀር «እሱን ነገ ወንበሩን ካገኘሁ» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ሳሌም ሆን ብላ ስሙ ረጅም የሆነ እንግዳ ጠበቀች። አራት ስም ያለው፣ ከቦር ከተማ የመጣ መሐንዲስ ነበር። አመለወርቅ ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ቆማ ተቀበለችው፤ ወንበሩ አጠገቧ ነበር፣ ሳይሰጧት ግን አልተቀመጠችበትም። በእንግሊዝኛ ስለ መንገዱ ጠየቀችው፤ እሱም የዝናቡን፣ የጭቃውን፣ የተሰበረውን ድልድይ ነገራት። ያን እየሰማች መዝገቡን ሞላች። ሦስተኛው ስም ላይ አንድ ሆሄ ተሳሳተች። መምህር በሩ አጠገብ ሆነው አንገታቸውን አስግገው አዩ። አመለወርቅ በአንዲት ቀጭን መስመር ሰረዘችው፣ ከላይ አስተካክላ ጻፈች፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችው።

ሳሌም መዝገቡን ወደ ራሷ አዙራ ከፓስፖርቱ ጋር ሆሄ በሆሄ አመሳከረች። ከዚያ ወንበሩን ሳበችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት።

አመለወርቅ ተቀመጠች። ኢዛና ቅር ቢለውም ጨዋ ልጅ ነውና ለእግሯ ማሳረፊያ የሚሆን ዱካ ፈልጎ አመጣላት። መምህር ሊሰናበቱ ሲሉ አመለወርቅ ጠራቻቸው።

«መምህር፣ የመጀመሪያው ገጽ ቀርቷል።» ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው አስያዘቻቸው።

ገጹ ቢጫ ሆኗል፣ የሾርባ ጠብታ አርፎበታል። ከላይ፣ በአዲስ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ ሆሄ፣ ያለ አንድ ስህተት የተጻፈ ቃል አለ፤ ትናንት ማታ ብቻዋን የጻፈችው መሆን አለበት። ከሥሩ በደበዘዘ ቀለም በእኛው ፊደል፦ «ስፔር። ማረው፣ ተወው። ሰጪ፦ ጥግ የሚቀመጡ፣ ጥቁር ሹራብ የሚለብሱ ያገሬ ሰው።» ከጎኑ በሌላ እስክሪብቶ «መምህር ማንያህልሻል» ተብሎ ተጨምሯል።

«እኔ?» አሉ መምህር። ምንም አላስታወሱም።

«ጁባ በገባሁ በወሩ ነው» አለች አመለወርቅ። «ትኩስ ሾርባ አንድ ትልቅ ሰው ሸሚዝ ላይ ደፋሁ። ሊመታኝ ተነሳ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፣ ሁሉም ሳህኑን ያያል። ጥግ የተቀመጡት እርስዎ ብቻ ተነሱና ‹ፕሊስ፣ ስፔር ሀር› አሉት። ሰውየው ተቀመጠ። እኔ ያን ቃል የማውቀው ለመኪና ዕቃ ነበር። ምን ብለው እንዳዳኑኝ ለማወቅ ሦስት ቀን ሰው ስጠይቅ ከረምኩ። ሲነግሩኝ አለቀስኩ። አንዱ ቃል ይሄን ከሠራ ሌሎቹስ ምን ይሠራሉ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ በኋላ እርስዎ አልመጡም፤ ስምዎትንም ያወቅሁት ቆይቼ ነው።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ፈታኜ አልነበሩ? እንዲያዳሉልኝ አልፈለግሁም።»

መምህር ማንያህልሻል ገጹን ይዘው ቆሙ። ሃያ ሰባት ዓመት ሰሌዳ ላይ «ስፔር» ብለው፣ የእኩል ምልክት አድርገው፣ «መለዋወጫ» ሲሉ ኖረዋል። ሰው የቸገረው ቀን ግን አፋቸው ሰሌዳውን አልጠየቀም። ያንንም ረስተውት ነበር፤ ከእሳቸው የወጣውን ቃል ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጠችላቸው ይህች ሴት ናት። ስንት ተማሪ አስተምረዋል፣ እንዲህ የያዘላቸው ግን አልነበረም። እንባቸው ወረደ፣ አላበሱትምም።

«ሕጉን ያውቁታል» አለች አመለወርቅ። «ለሰጪ አንድ ሻይ ነው። የእርስዎ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶብኛል።» እንደ ልማዷ ልታመጣ፣ ወንበሩን ተደግፋ ልትነሳ ስትል፣ መምህር ትከሻዋን ያዙ።

«ተቀመጪ» አሏት።

ወጥ ቤት ገብተው ሁለት ሻይ አስቀዱ፤ ትሪ ይዘው ስለማያውቁ በየእጃቸው አንዳንድ ብርጭቆ አንጠልጥለው፣ ጣታቸው እየተቃጠለ መጡ። አንዱን ለእሷ ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጡላት፣ አንዱን እሳቸው ቆመው ጠጡ።